አባዬ፣ ስለላክህልኝ ባቡር

አባዬ፣

እንዴት ነህ? ትናንት በስልክ ድምፅህ ደከም ብሎብኛል። «ጉንፋን ነው» አልከኝ። እሺ፣ ጉንፋን ይሁን።

የሞዴል ባቡርህ ትንሿ ሎኮሞቲቭ ደርሳለች። በደንብ ስለጠቀለልካት ምንም አልተሰበረባትም። ሐዲድ ላይ አድርጌ አየኋት፤ እንዳልከው ታነክሳለች። ጎማዋ ቆሽሾ ቢሆን ኤሌክትሪኩ እየተቋረጠባት እዚህም እዚያም ቀጥ ትል ነበር። እሷ ግን ጎማው በዞረ ቁጥር እዚያው ቦታ ላይ ነው የምትይዘው። ቢሆንም ጎማዎቹን አልኮል በነካ ጥጥ ጠረግኳቸው። ብዙ ጥቁር ነገር ወጣ።

ከዚያ ሞተሩን አወጣሁት። ለብቻው ሲሆን ጥሩ ይዞራል። ያለ ሞተር በእጄ ስገፋት ግን አሁንም ትይዛለች። በየጎኑ ጎማዎቹን የሚያያይዙትን ዘንጎች ስፈታቸው ሁሉም ጎማ በነፃነት ዞረ። ለካ የመካከለኛው አክስል፣ ግራና ቀኙን ጎማ የሚያገናኘው ብረት ላይ፣ አንዱ ጎማ ከቦታው ትንሽ ዞሯል። ዘንጉ የሚታሰርበት ቦታ በግራና በቀኙ ጎማ ላይ በ90 ዲግሪ መለያየት አለበት፣ በሁሉም አክስል ላይ እኩል። ትልቁም የእንፋሎት ባቡር በአብዛኛው እንዲሁ ነው፤ የአንዱ ወገን ዘንግ መግፋት የማይችልበት ቦታ ላይ ሲደርስ የሌላው ወገን ይገፋል። አንዱ ጎማ ከተዛነፈ ዘንጎቹ እርስ በርስ ይታገላሉ። የዘንጎቹን ቀዳዳ በሞረድ አስፍቶ ማለፍም ይቻል ነበር። እኔ ግን አልወደውም፤ በሽታውን ደብቆ ዘንጉን ያላላዋል። ጎማውን ወደ ቦታው መለስኩት። የደረቀውን ግሪስ ጠርጌ በየመጋጠሚያው አንዳንድ ጠብታ ዘይት አደረግኩ። አሁን ቀስ ብላም ትሄዳለች።

ይህን ሁሉ ከየት እንዳወቅኩት ገምት። በር ላይ ቆሜ አንተን ሳይ ነው። ወንድሜን አጠገብህ አስቀምጠህ ካቻቢቴ ታስይዘው ነበር። እኔን «አንቺ ራቅ በይ፣ ብሎን ይጠፋል» ትለኛለህ። እሱ ሰልችቶት ይወጣል። እኔ አልሰለቸኝም ነበር፣ አባዬ። አንድም ቀን ዞር ብለህ «ነይ» አላልከኝም። ለወቀሳ አይደለም ልልህ ነበር፤ ግን ወቀሳም አለበት።

ልጆቹ ደህና ናቸው። ትልቋ ስፈታታ አጠገቤ ተቀምጣ ብሎኖቹን ትይዝልኝ ነበር። አንድም አልጠፋም።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ማንም እንዲነካት የማትፈቅደውን ባቡር ለምን ዛሬ ላክህልኝ? ሳጥኑ ውስጥ መለዋወጫዎቹን በሙሉ አግኝቻለሁ። ትንሿ ካቻቢቴህም አለች። ይህ ለጥገና የተላከ ዕቃ አይመስልም። እጅህ መንቀጥቀጡ ባሰበት? ሐኪሙ ምን አለህ? ወንድሜን ብጠይቀው «ራሱን ጠይቂው» ብሎ ዘጋኝ። ይኸው እየጠየቅኩህ ነው።

በፖስታ ልመልስልህ አስቤ ነበር፣ ተውኩት። እኔው ይዣት እመጣለሁ። ሐዲዱን ጠረጴዛው ላይ ዘርጋልኝ። ከከበደህ ተወው፣ ስመጣ እዘረጋዋለሁ። የሐኪሙን ወረቀት ግን እንዳትደብቅብኝ፤ አብረን እናነበዋለን።

ልጅህ