ማሽን ሳይሆን ሜትርና ላፕቶፕ፦ ለፊዚዮቴራፒ ተማሪዎች የድጋፍ ጥሪ

የጎጃም ልጆች፣ አገር ቤት ያላችሁም ባሕር ማዶ ያላችሁም፦ ለተግባር ልምምድ ደብረ ማርቆስ ለሚመጡ የፊዚዮቴራፒ ተማሪዎች የሕክምና ማስረጃ የሚፈልጉበትና የሚመዝኑበት ክፍል እያደራጀን ነውና አግዙን። አስቀድመን እንንገራችሁ፣ ያገለገለ የአልትራሳውንድ ማሽን (ለምርመራ ሳይሆን በድምፅ ሞገድ ለማከም የሚውለውን) አትላኩ። ሥር ለሰደደ የወገብ ሕመም እንደሚጠቅም ጠንካራ ማስረጃ የለም፤ ሲበላሽም ጠጋኝ ማግኘት ሌላ ጣጣ ነው።

ተማሪው «የወገብ ሕመም» ብሎ ብቻ ከፈለገ በሺዎች የሚቆጠር ጽሑፍ ይጎርፍበታል። ስለዚህ መጀመሪያ ጥያቄውን ያጠብባል፦ ወገቡን ካመመው ሦስት ወር ያለፈውን ገበሬ፣ ቤቱ የሚሠራው የአካል እንቅስቃሴ ከመታሸት ይልቅ ወደ እርሻው ይመልሰዋል ወይ? ሕመምተኛው፣ ሕክምናው፣ ማነጻጸሪያውና ውጤቱ አራቱም ገቡ። ከዚያ ፔድሮን ይከፍታል። ይህ በነጻ የሚገኝ የፊዚዮቴራፒ ጥናቶች ቋት ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እየሠራ ነው፤ ሙከራዎችን ከ10 ነጥብ ይሰጣቸዋል። ብዙ ተማሪ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው፦ 8 ማግኘት ሙከራው በጥንቃቄ ተሠርቷል ማለት እንጂ ሕክምናው ያድናል ማለት አይደለም። ያንን ለማወቅ ማጠቃለያው አይበቃም፣ ሙሉው ጽሑፍ መነበብ አለበት፤ ኔትወርክ በጠፋ ቁጥር ደግሞ ንባቡም ይቆማል። በነጻ እንዲባዙ የተፈቀዱትን ጽሑፎች በሐርድ ዲስክ አስቀምጠን ያለ ኢንተርኔት በራውተር ልናዳርስ ያሰብነው ለዚህ ነው።

በጥናት ላይ በሳምንት ሦስት ቀን ባለሙያ ፊት የተሞከረ ሕክምና ከቢቸና በወር አንዴ ለሚመጣ ሰው እንዳለ አይሆንም። ተማሪው ቤት እንዲሠራ አድርጎ ካስተካከለው፣ መጥቀሙን መለካት አለበት። ለምሳሌ ሰው በ6 ደቂቃ ምን ያህል እንደሚሄድ የሚለካው የ6 ደቂቃ የእርምጃ ፈተና 30 ሜትር ቀጥ ያለ መተላለፊያ ይፈልጋል። በ10 ሜትር ከተሠራ መዞሩ ስለሚበዛ ሰውየው የሚሄደው ርቀት ያጥራል፣ ከጥናቱ ቁጥር ጋርም አይነጻጸርም።

የጎደለን ይህ ነው፦ ባትሪያቸው ያልሞተ፣ ቢያንስ 8 ጊጋባይት ሜሞሪ ያላቸው 6 ላፕቶፖች፤ 2 ሐርድ ዲስክ፣ አንዱ ለመጠባበቂያ፤ 1 ራውተር፤ 4 ስቶፕዎች፤ 10 የፕላስቲክ ጎኒዮሜትር (የመገጣጠሚያ መታጠፍ በማዕዘን የሚለካበት)፣ ማጠፊያቸው የላላ ከሆነ ግን ማዕዘኑን ያሳስታሉና ይቅሩ፤ 2 ባለ 30 ሜትር የፋይበርግላስ ሜትር፣ የጨርቁ ሲቆይ ይለጠጣል። ገንዘብ የምትሰጡ ለየትኛው ዕቃ እንደሆነ ጻፉልን። ዕቃ የምትልኩ ደግሞ ሁለት ሰው አንዱን ዕቃ ደግሞ እንዳይገዛ፣ ከመግዛታችሁ በፊት ለአስተባባሪዎቹ ንገሩ።