የሚለቀቅ ዓሣ ከውኃ አይውጣ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በጉዞ ዓምዳችሁ ስለ አላስካ የሳልሞን ማጥመጃ ሎጆች ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። በጀልባ ወይም ውኃ ላይ በምታርፍ ትንሽ አውሮፕላን ካልሆነ የማይደረስበት መሆኑ፣ ዝናቡ፣ ጭጋጉ፣ ሁሉም ልክ ነው። አልዋጥልኝ ያለው ፎቶው ነው። እንግዳው አንድ ትልቅ ኪንግ ሳልሞን (ከሳልሞን ዝርያዎች በግዝፈቱ የሚታወቀውን) ስንጥቡ ውስጥ ጣቱን አስገብቶ አንጠልጥሎታል፤ ከሥሩ «ከፎቶው በኋላ ወደ ባሕሩ ተለቀቀ» ይላል። እንዲያ ተይዞ የተለቀቀ ዓሣ የመትረፍ ዕድሉ የመነመነ ነው። አንባቢም ደግ ሥራ መስሎት ነገ ያንኑ ይደግመዋል።

እኔ በደቡብ ምሥራቅ አላስካ ጠረፍ ባለ አንድ ሎጅ በየበጋው የጋይድ ረዳት ሆኜ እሠራለሁ። መንጠቆ ላይ ሄሪንግ የሚባል ትንሽ ዓሣ ለማባበያ እሰካለሁ፣ መረብ እይዛለሁ፣ ማታ ማታ የተያዘውን ዓሣ እበልታለሁ። ባሕር ላይ ያለ ሳልሞን ቅርፊቱ ልል ነው፤ ወንዝ ከገባ በኋላ እንደሚሆነው አልጠበቀም። መረብ ሲነካው ይረግፋል፤ ጓንታችን፣ ካፖርታችን፣ የጀልባው ወለል ሁሉ በቅርፊት ይሞላል። ከላዩ ያለው ልጋግ ደግሞ ከበሽታ የሚከላከልለት ነው፤ ደረቅ እጅ ሲያርፍበት ተገፍፎ ይቀራል። ስንጥቡማ መተንፈሻው ነው፤ በደም የተሞላ ስስ አካል ስለሆነ ጣት ሲገባበት ይቀደዳል።

አብሬው የምሠራው ጋይድ ዓሣው ጀልባው ጥግ ሲደርስ መረብ ለማንሳት አይቸኩልም። አስቀድሞ ያያል። ድዱ ጥቁር ከሆነና ነጠብጣቡ በጅራቱ በላይኛውም በታችኛውም በኩል ካለ ኪንግ ነው፤ ድዱ ነጣ ብሎ ነጠብጣቡ በላይኛው በኩል ብቻ ከታየ ኮሆ የሚባለው ሌላው የሳልሞን ዝርያ ነው። ኪንግ ከሆነ ደግሞ በእኛ አካባቢ ርዝመቱ 28 ኢንች፣ ማለትም 71 ሴንቲ ሜትር ያህል ካልሞላ ማስቀረት በሕግ አይፈቀድም። የሚለቀቅ መሆኑን ሲያውቅ ጫፉ ቆልመም ያለ ዘንግ ያነሳና በክሩ ላይ አንሸራትቶ እስከ መንጠቆው ያወርደዋል። ከዚያ መንጠቆውን ወደ ላይ ይገለብጠዋል፤ ዓሣው በገዛ ክብደቱ ተላቆ ይሄዳል። እጅም ሆነ መረብ አልነካውም። ጥቂት ሰከንድ ነው የሚፈጀው።

እንግዳው «ፎቶዬስ?» ሲል፣ «ጎንበስ በልና እዚያው ውኃው ውስጥ አንሳው» ይለዋል። የሚያኮርፍ አለ። ከሩቅ አገር መጥቶ ብዙ ገንዘብ የከፈለ ሰው ቅር ቢለው አልፈርድበትም። ጋይዱ ግን በዚህ ነገር ለማንም አይለሳለስም፤ ይህን ጠባዩን አከብርለታለሁ። ለመብላት የተፈቀደ ዓሣ ሲሆን ነገሩ ሌላ ነው፦ ጭንቅላቱን ይመታዋል፣ ስንጥቡን ቆርጦ ደሙን ያፈስሳል፣ በረዶ ውስጥ ይከተዋል። ያን ጊዜ እንግዳው እንዳሻው አንጠልጥሎ ፎቶ ይነሣ።

ሳልሞን አለቀ ማለቴ አይደለም። ወደ አላስካው የባሕር ወሽመጥ ብሪስቶል ቤይ እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ 79 ሚሊዮን ያህል ሶካይ የተባለው የሳልሞን ዝርያ ተመልሷል። የጨነቀን የኪንግ ጉዳይ ነው። በማጥመጃ ዘንግ ከተያዙት ኪንጎች ሁሉ ትልቁ የሚባለው፣ 44 ኪሎ የመዘነው፣ እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው ከአላስካው ኬናይ ወንዝ ነበር። ያው ኬናይ በ2023ም በ2024ም የሚመለሰው ዓሣ ከማነሱ የተነሣ ለኪንግ አጥማጆች ተዘግቷል። የዩኮን ወንዝን ኪንግ በተመለከተም አላስካና ካናዳ በ2024 ለ7 ዓመት እንዳይጠመድ ተስማምተዋል፤ በዚያ ወንዝ ዳር ከጥንት ጀምሮ በዚህ ዓሣ የኖሩ መንደሮች አሉ፣ ጉዳቱ የከፋውም በእነሱ ላይ ነው። ጥፋቱ የሎጅ እንግዶች ነው አልልም፤ የውኃው መሞቅ አለ፣ ለሌላ ዓሣ በተጣለ መረብ አብሮ መጠመድ አለ። ሆኖም ኪንግ ወደ ተወለደበት ወንዝ አንድ ጊዜ ተመልሶ፣ ወልዶ፣ እዚያው የሚሞት ዓሣ ነው። ትልቅ እንስት ከሆነች ብዙ ሺህ እንቁላል ይዛለች። ለፎቶ የምትፈለገውም እሷው ናት።

በዋሽንግተን ግዛት በብዙ ውኃዎች ላይ ማስቀረት የማይፈቀድ ሳልሞንን ከውኃ ማውጣት ራሱ በሕግ ክልክል ነው። የሎጆቻችንም ደንብ እንዲሁ ቢሆን ደስ ይለኛል። እስከዚያው ለመሄድ የምታስቡ አንባቢዎች ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ደውላችሁ «የሚለቀቀውን ዓሣ እንዴት ነው የምትለቁት?» ብላችሁ ጠይቁ። ዘንጉን፣ የእጁን መርጠብ፣ የመንጠቆውን ዓይነት ሳያመነታ የሚዘረዝርላችሁ ጋይድ ጋ ሂዱ። «እንግዳው የፈለገውን እናደርጋለን» ካሏችሁ ሌላ ቤት ፈልጉ።

እናንተንም የምለምናችሁ አለኝ። ከእንግዲህ የተያዘ ዓሣ ፎቶ ስታወጡ ተበላ ወይስ ተለቀቀ የሚለውን ጠይቃችሁ ጻፉ፤ ተለቀቀ የተባለው ከውኃ ውጭ የተነሣ ከሆነ ደግሞ አታውጡት። በምትኩ የሚሆኑ፣ ዓሣው ውኃ ውስጥ እያለ ከጀልባው ጠርዝ ያነሣኋቸውን ፎቶዎች ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬላችኋለሁ፤ ያለ ክፍያ ተጠቀሙባቸው።

ከአክብሮት ጋር
የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከደቡብ ምሥራቅ አላስካ