ራይላ ኦዲንጋ በአምስት ሽንፈት ብቻ አይለኩም

ክቡር የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፦

የኬንያው የተቃውሞ ፖለቲካ መሪ ራይላ ኦዲንጋ በጥቅምት 2025 (ቀኑንም ወሩንም ዓመቱንም ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ለሕክምና በሄዱበት ሕንድ ካረፉ ወዲህ፣ በጋዜጣችሁም ሆነ በሌሎች የአገራችን መገናኛ ብዙኃን ያነበብኳቸው ጽሑፎች በአመዛኙ ሕይወታቸውን የሚመዝኑት ቤተ መንግሥት ሳይገቡ በመቅረታቸው ነው። በ1997፣ በ2007፣ በ2013፣ በ2017 እና በ2022 ለፕሬዚዳንትነት መወዳደራቸው፣ አንድም ጊዜ አሸናፊ ተብለው አለመታወጃቸውም እውነት ነው። ይሁን እንጂ የአንድን ተቃዋሚ መሪ የሥራ ዘመን በዚህ ብቻ መዝኖ መዝጋት፣ በተለይ የተቃዋሚ ፖለቲከኛ ዕጣ እስር ወይም ስደት ሆኖ ለኖረበት ለእኛ አገር አንባቢ፣ ትልቁን ቁም ነገር ያስቀርበታል ብዬ አምናለሁ።

ራይላ የኬንያ የመጀመሪያው ምክትል ፕሬዚዳንት የጃራሞጊ ኦጊንጋ ኦዲንጋ ልጅ ናቸው፤ በምሥራቅ ጀርመን ምህንድስና ተምረው ተመልሰው በናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ አስተምረዋል። ከ1982ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ ያለ ፍርድ ለዓመታት ታሰሩ። በ1984 እናታቸው ሲያርፉ መርዶውን የነገሯቸው ከሁለት ወር በኋላ ነበር። ከተፈቱም በኋላ በተደጋጋሚ ታስረው በመጨረሻ በ1991 ወደ ኖርዌይ ተሰደዱ። ይህን የማነሣው ሰውዬው በአገራቸው ፍርድ ቤት ላይ እምነት የሚያጡበት በቂ ምክንያት እንደነበራቸው ለማሳየት ነው።

በታኅሣሥ 2007ቱ ምርጫ በሥልጣን ላይ የነበሩት ፕሬዚዳንት ሙዋይ ኪባኪ አሸናፊ ተብለው በዚያው ዕለት አመሻሽ ላይ በጥድፊያ ቃለ መሐላ ሲፈጽሙ፣ ራይላ ዳኞቹ ከመንግሥት ነፃ አይደሉም በሚል ወደ ፍርድ ቤት ሳይሄዱ ቀሩ፤ ደጋፊዎቻቸውም አደባባይ ወጡ። በተከተለው ግጭት ከ1,100 በላይ ሰዎች ሞቱ፣ መቶ ሺዎች ከቀያቸው ተፈናቀሉ። የዚያ ደም ዕዳ በሁለቱም ወገን ላይ አለ፤ የራይላን ድርሻ ማሳነስም አልፈልግም። በቀድሞው የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ዋና ጸሐፊ በኮፊ አናን ሸምጋይነት በየካቲት 2008 ስምምነት ተፈርሞ ራይላ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። ከዚያ ሹመት የበለጠው ፍሬ ግን የ2010ሩ ሕገ መንግሥት ነው። ይህ ሕግ 47 አውራጃዎችን በተመረጠ ገዥና ምክር ቤት አቋቋመ፤ ለአውራጃዎቹም ቢያንስ የብሔራዊ ገቢውን 15 በመቶ መደበ። ከሞያሌያችን ድንበሩን ተሻግሮ ያለው ማርሳቢት ዛሬ ገዥውን ራሱ ይመርጣል፤ ቀድሞ አስተዳዳሪ የሚላክለት ከናይሮቢ ነበር። ያው ሕግ የፕሬዚዳንታዊ ምርጫ አቤቱታ በ14 ቀን ውስጥ ውሳኔ የሚያገኝበት ጠቅላይ ፍርድ ቤትም አቋቋመ።

ራይላ በ2013 በዚህ ፍርድ ቤት ቀርበው ተረቱ፤ ውሳኔውንም ተቀበሉ። በ2017 እንደገና ሄዱ። የክርክሩ ፍሬ ነገር አንድ ወረቀት ነበር፦ በየምርጫ ጣቢያው ቆጠራው ሲያበቃ የጣቢያው ኃላፊና የፓርቲ ወኪሎች የሚፈርሙበት፣ ኬንያውያን ቅጽ 34ሀ የሚሉት። የምርጫ ኮሚሽኑ እነዚህ ቅጾች ተሟልተው ሳይደርሱት ውጤት አውጆ ነበር፤ ፍርድ ቤቱ የኮምፒዩተር ቋቱን ክፈት ሲለውም በአግባቡ አልከፈተም። በዋና ዳኛ ዴቪድ ማራጋ የሚመራው ችሎት መስከረም 1 ቀን 2017 በአራት ለሁለት ድምፅ ምርጫውን ሰረዘ። በአፍሪካ ሥልጣን ላይ ያለ ፕሬዚዳንት አሸነፈ የተባለበት ምርጫ በዳኞች ሲሻር ያ የመጀመሪያው ነበር። በ2022 ኮሚሽኑ ከ46,000 በላይ የጣቢያ ቅጾችን ፎቶ ለሕዝብ ክፍት በሆነ ድረ ገጽ ላይ ሲለጥፍ፣ ማንኛውም ዜጋ ከቤቱ ሆኖ ቁጥሩን መደመር ይችል ነበር። የዚያን ጊዜው ድምር ራይላን በጠባብ ልዩነት ተሸናፊ አደረጋቸው፤ ዳኞቹም አቤቱታቸውን በአንድ ድምፅ ውድቅ አደረጉ፤ እሳቸውም በውሳኔው ባይስማሙም እንደሚያከብሩት ተናገሩ። ከ2007 እስከ 2022 የተጓዙትን ርቀት የሚያሳይ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

የምወቅሳቸው በሌላ ነገር ነው። ራይላ ራሳቸውን ካገለሉበት የ2017 ድጋሚ ምርጫ በኋላ በጥር 2018 በናይሮቢ አደባባይ «የሕዝብ ፕሬዚዳንት» ተብለው ቃለ መሐላ ፈጸሙ፤ መንግሥትም የቴሌቪዥን ጣቢያዎችን ዘጋ። በስድስት ሳምንት ውስጥ ግን ከፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታ ጋር ታርቀው ተጨባበጡ፤ ከዚያ ወዲያ በፓርላማ መንግሥትን አጥብቆ የሚጠይቅ ወገን መንምኖ ቀረ። ሁለቱ ሰዎች ያመጡትን የሕገ መንግሥት ማሻሻያም ያስቆሙት ፍርድ ቤቶች ናቸው። በሰኔ 2024 ወጣቶች የግብር ረቂቁን ተቃውመው ብዙዎቹ በጥይት ከወደቁ ከሳምንታት በኋላ ደግሞ የራይላ ፓርቲ ሰዎች በ2022 ባሸነፏቸው በፕሬዚዳንት ዊሊያም ሩቶ ካቢኔ ውስጥ የገንዘብ ሚኒስትርነትን ጨምሮ ወንበር ያዙ። አገር ማረጋጋት አስፈላጊ መሆኑ አይካድም፤ ለእርቅ ሲባል መጨባበጥም የሚያስከብር ነው። ነገር ግን ሚሊዮኖች የመረጡት የተቃዋሚ ወንበር የመሪው የግል ንብረት አይደለም፤ ባዶ ሲሆን የሚጎዳው መራጩ ነው። በአምስቱ ምርጫዎች ከመሸነፋቸው ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነው።

በየካቲት 2025 የአፍሪካ ኅብረት ኮሚሽን ሊቀ መንበር ለመሆን እዚሁ አዲስ አበባ ላይ ተወዳድረው በጅቡቲው ማሕሙድ አሊ ዩሱፍ ሲሸነፉ፣ የእኛ ጋዜጦች የጻፉት ስለ ድምፅ ቆጠራው ብቻ ነበር። ኬንያ በነሐሴ 2027 እንደገና ትመርጣለች፤ ኦዲንጋ በዕጩዎች ዝርዝር ውስጥ የማይገኙበት ምርጫ ነው። ጋዜጣችሁ እስከዚያ ድረስ የኬንያን የምርጫ ሕግ፣ የጣቢያ ቅጾቹን አሠራር፣ የተቃዋሚውን ወንበር ማን እንደያዘውም በተከታታይ እንዲያስነብበን በአክብሮት እጠይቃለሁ፤ ጎረቤታችን በብዙ ደም የተማረችውን እኛ ቢያንስ በንባብ ልንማረው ይገባል።

ከአክብሮት ጋር
የጋዜጣችሁ አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ