ዋናና ማናቲ አብረው አይሄዱም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

የምኖረው ኦርላንዶ ነው። ዘመድ ገና ሰሞን ሲመጣ ብሉ ስፕሪንግ የተባለው ምንጭ ያለበት ፓርክ እወስዳለሁ። ሁሉም የዋና ልብሱን ይዞ ከች! ማናቲ የሚባሉት ግዙፍ፣ ውሃ ውስጥ የሚኖሩ አጥቢ እንስሳት ከኖቬምበር አጋማሽ እስከ ማርች ምንጩ ውስጥ ስለሚከርሙ ያኔ መዋኘት ክልክል ነው። ደግሞም ተገቢ ነው። የምንጩ ውሃ ዓመቱን ሙሉ 22 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። የሴንት ጆንስ ወንዝ ሲቀዘቅዝ ወደዚያ ይሸሻሉ። አንዱ በአማካይ 450 ኪሎ ቢመዝንም ብርድ ይገድለዋል።

ከእንጨቱ መተላለፊያ ላይ ሆናችሁ እዩ። ውሃው ጥርት ያለ ስለሆነ የጀልባ ሞተር ጀርባቸው ላይ የተወው ጠባሳ ሳይቀር ይታያል። እማዬ አይታ «ውይ በሞትኩት!» አለች።

በማለዳ ድረሱ፤ ቅዳሜና እሁድ መኪና ሲሞላ በሩ ይዘጋል። መዋኘት ያማረው ጁላይ ላይ ይምጣ።

አንባቢያችሁ ከፍሎሪዳ