ልጁን ወተት አታስገድጂው

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤ እንደምን ከርመሻል? እኛ ጅማ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ደኅና ነን።

ትናንት በስልክ፣ ልጅሽ ስድስት ዓመት ከሞላው ወዲህ ወተት በጠጣ ቁጥር ሆዱ እንደሚነፋና እንደሚያስቀምጠው፣ አንቺም «ሞልቃቃ ሆነ» ብለሽ ብርጭቆውን እስኪጨርስ አጠገቡ እንደምትቆሚ ስትነግሪኝ፣ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ልጁን ወተት አታስገድጂው።

የወተትን ስኳር፣ ላክቶስን፣ የሚፈጨው ላክቴዝ የተባለው ኢንዛይም በአብዛኛው የሰው ልጅ አንጀት ውስጥ ጡት ከተጣለ በኋላ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ያልተፈጨው ስኳርም ወደ ትልቁ አንጀት ወርዶ ውኃ ይስባል፣ ጋዝም ይፈጥራል። ከዓለም አዋቂዎች ሁለት ሦስተኛ ያህሉ እንዲህ ናቸው። ከብት ማርባት ከተጀመረ ወዲህ ግን ኢንዛይሙን የሚያቆይ የዘረመል ለውጥ የደረሳቸው ሰዎች ወተቱ ስለጠቀማቸው ብዙ ልጆች አሳድገው ለውጡን አወረሱ። ይህም የሆነው በአንድ ቦታ ብቻ አይደለም፦ እ.ኤ.አ. በ2002 በፊንላንድ ቤተሰቦች የታወቀው ለውጥ በ2007 በኬንያ፣ በታንዛኒያና በሱዳን ከተገለጹት የተለየ ነው፤ በአገራችንም ከአንድ በላይ ዓይነት ይገኛል።

እኔና እናትሽ ወተት ይስማማናል፤ ሆኖም እያንዳንዳችን ለውጡን ከአንድ ወላጃችን ብቻ ወርሰን ከሆነ፣ ከልጆቻችን አንዱ ሳይደርሰው ሊቀር ይችላል። ይህን ሠላሳ ዓመት ባዮሎጂ ያስተማርሁ እኔ፣ ታናሽ ወንድምሽ በዘጠኝ ዓመቱ አልጠጣም ሲለኝ «ላም ያሳደገው ቤት ልጅ ወተት ይንቃል?» ብዬ በረንዳው ላይ አቁሜ አስጨረስሁት። ሌሊት ሆዱን ይዞ ሲያለቅስ ያስመስላል ብዬ አልተነሣሁም፤ እናትሽ ናት የተነሣችው። ዛሬም ቤት ሲመጣ ወተት ሲቀርብ ፊቱን ያዞራል፣ እኔም አንገቴን እደፋለሁ።

ስለዚህ አታስገድጂው። ነገውኑ ሐኪም ዘንድ ወስደሽ ሰገራው ይመርመርለት፤ ጃርዲያም እንዲህ ያደርጋልና። ሐኪሙ ካልከለከለ እርጎና አይብ በጥቂቱ ሞክሪለት፤ ወተቱ ሲረጋ ባክቴሪያዎቹ ከላክቶሱ ከፊሉን ይበሉታል፣ ከአይቡም ብዙው በአጓቱ ይወጣል። ካልሲየሙን ከጤፍና ከጎመንም ያገኛል። ጎረቤት የፈለገውን ይበል፣ ልጁን አታስገድጂው፣ አትቆጪውም።

ይህን ደብዳቤ ለወንድምሽም አንብቢለት፤ እኔ ፊት ለፊት ልነግረው አቅም አጥቻለሁ።

አባትሽ፣ ከጅማ