ከመግዛታችሁ በፊት ወለሉን ውጉት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ያገለገለ መኪና አገዛዝ ላይ የጻፋችሁትን አነበብኩ። ስለ ተጎታች ቤት፣ ማለትም መኪና ኋላ ታስሮ ስለሚጎተት ማረፊያ ቤት ግን ምንም አላላችሁም። እኔ እዚህ ቨርጂኒያ አንድ ትንሽዬ ገዝቼ ጉድ ሆኛለሁ። ሻጩ አዲስ ምንጣፍ አንጥፎበት ነበር፤ ሳነሳው ኮምፔርሳቶው እንደ ራሰ ድርቆሽ በእፍኝ ወጣ። ካቻቢቴ ይዤ ጥግ ጥጉን ወጋ ወጋ ባደርገው ኖሮ እዚያው ይታወቅ ነበር።

ውሃው የገባው ከጣሪያው መጋጠሚያ ነው፣ ግድግዳው ውስጥ ለውስጥ ወርዶ ወለሉ ላይ ይተኛል፣ ስለዚህ መጀመሪያ ፍሳሹን ድፈኑ፤ አለዚያ አዲሱም ይበሰብሳል። ደግሞ ግድግዳው የቆመው ወለሉ ላይ ስለሆነ ዳር ዳሩን ባንዴ ቆርጣችሁ እንዳታነሱ፤ እየደገፋችሁ፣ በየተራ። እኔ በካርቶን ልክ ወስጄ አዲሱን ወለል ቆረጥኩ፣ የታችኛውን ብረት ጸረ ዝገት ቀባሁ፣ የኮምፔርሳቶውን ጠርዝ ሳይቀር ቀለም አጠጣሁት። ሦስት ቅዳሜና እሁድ ፈጀ። ባለቤቴ እስካሁን «ያንተ ቪላ» እያለች ትስቅብኛለች።

አንባቢያችሁ፣ ከቨርጂኒያ