ከየትኛው ጎጥ? ለአንድ አሮጌ መካነ መቃብር የድጋፍ ጥሪ

ሰላም ወገኖች፣ እንዴት ከረማችሁ? ዛሬ የመጣሁት ገንዘብ ልለምናችሁ ነው፤ ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም። 4,200 ዶላር ጎድሎናል። ለታመመ ሰው አይደለም፣ ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያም አይደለም። ለመቃብር ድንጋይ ነው፤ ያውም ለአይሪሾች የመቃብር ድንጋይ። ሳቁ፣ ችግር የለም፤ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ባለቤቴ የቦስተን ልጅ ነው፤ ዘሩ ከአየርላንድ። በየሰርጉና በየክርስትናው ያያችሁት፣ ከኛ በላይ ሚጥሚጣ የሚነሰንሰው ቀዩ ሰውዬ። አምና አማቴ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ከቁም ሳጥን አወጡና ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉት። የቤተሰቡ ወረቀት ሁሉ እዚያ ነው ያለው። ቅድመ አያታቸው ከታላቁ ረሀብ የሸሸ ሰው ነበር። በ1845 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) የገባ በሽታ ድንቹን መሬት ውስጥ እንዳለ አበሰበሰው፤ እስከ 1852 ድረስ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው በረሀብና በተስቦ አለቀ፣ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ደግሞ በመርከብ ተሰደደ። የሰውዬው የጋብቻ ወረቀት አለ። የትውልድ ቦታ፦ አየርላንድ። የሕዝብ ቆጠራው ላይም አየርላንድ። የሞት ወረቀቱም አየርላንድ። በቃ። አማቴ መነጽራቸውን አወለቁና «ሰማንያ ዓመት ሙሉ አየርላንድ ሲባል ሰማሁ። አየርላንድ የት?» አሉኝ።

ይሄ ጥያቄ ለኛ አዲስ አይደለም። ሰው ከየት ነሽ ሲለኝ ጎጃም እላለሁ። ጎጃም የት? ደጀን። ደጀን የት? ከዚያማ የቀበሌው ስም ይመጣል፣ የጎጡ ስም ይመጣል፣ የማን ልጅ እንደሆንኩና በየትኛው ደብር ክርስትና እንደተነሳሁ ይመጣል፤ ያገሬ ሰው ከሆነ ደግሞ ሳንዛመድ አንለያይም። አየርላንድም እንደዚያው ነው። 32 ካውንቲ አላት፤ አውራጃ በሉት። ከካውንቲው ሥር ደብር፣ ከዚያ ደግሞ ጎጥ ብንለው የሚያስኬድ ትንሽ ቦታ አለ፣ ከ60,000 በላይ። ሰው የሚታወቀው በዚያች ጎጥ ነው።

ታዲያ ለምን መዝገብ ቤት ሄዳችሁ አትጠይቁም ትሉኝ ይሆናል። መዝገብ ቤቱ ተቃጥሏላ! በሰኔ 1922 የእርስ በርስ ጦርነቱ ደብሊን ላይ ሲጀምር፣ ፎር ኮርትስ በሚባለው የፍርድ ቤቶች ግቢ የነበረው መዝገብ ቤት ፈንድቶ ነደደ። ከ1821 እስከ 1851 የተደረጉት አራት የሕዝብ ቆጠራዎች ከጥቂት ቁርጥራጭ በቀር አመድ ሆኑ። ከ1861 እስከ 1891 ያሉትን አራቱን ደግሞ መንግሥት ራሱ አስቀድሞ አስወግዷቸው ነበር፤ እኔን ከእሳቱ በላይ ያናደደኝ ይሄ ነው። ሙሉ ሆኖ የተረፈው የመጀመሪያው ቆጠራ የ1901 ነው። ያኔ የረሀቡ ስደተኛ አገሩን ከለቀቀ ሃምሳ ዓመት ያህል ሆኖታል።

ያመለጠው የካቶሊኮች የክርስትና መዝገብ ነው፤ አብዛኛው በየደብሩ ስለነበር እሳቱ አላገኘውም። የልጁ ስም፣ የአባትና የእናት ስም፣ የክርስትና አባትና እናቱ ስም ሳይቀር አለበት። የአየርላንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በ2015 የገጾቹን ፎቶ በነፃ ኢንተርኔት ላይ ለቆታል። ግን ምን ዋጋ አለው፣ የተደረደረው በደብር ነው፤ ደብሮቹም ከሺህ ይበልጣሉ። ደብሩን ሳያውቁ ካውንቲ ኮርክ ውስጥ ማይክል ሱሊቫንን መፈለግ መርካቶ መሀል ቆሞ «አበበ!» ብሎ እንደ መጣራት ነው። ሁሉም ይዞራል።

የደብሩ ስም የሚገኘው እዚህ አሜሪካ ነው። ስደተኛው ራሱ ተናግሮ አስጽፎታል። ፓይለት የሚባለው የቦስተን ጋዜጣ ከ1831 እስከ 1921 ድረስ የ«አፋልጉኝ» አምድ ነበረው። አዎ፣ እንደኛው አፋልጉኝ! ወንድሜ ከእንዲህ ያለ ደብር በእንዲህ ያለ ዓመት ወጥቷል፣ ለባቡር ሐዲድ ሥራ ሄዶ ድምፁ ጠፋ፣ የሚያውቅ ይጻፍልኝ የሚል ዓይነት። ኒውዮርክ ውስጥ ደግሞ በ1850 የተከፈተው ኤሚግራንት ሴቪንግስ ባንክ ደንበኛው መፈረም ባይችል እንኳ ማንነቱን ለማረጋገጥ የትውልድ ቦታውን፣ የመጣበትን መርከብ፣ የእናት አባቱንና የወንድም እህቱን ስም ይመዘግብ ነበር። እነዚህ ሁለቱ ተጠብቀዋል፣ ተመራማሪ ያገኛቸዋል። ሦስተኛው ግን ሜዳ ላይ ነው ያለው፤ የመቃብር ድንጋይ። ብዙዎቹ ላይ ከስሙ ሥር የእንዲህ ያለ ደብር ተወላጅ፣ ካውንቲ ጎልዌይ፣ ካውንቲ ኬሪ ተብሎ ተቀርጿል። ጠራቢው በፊደል ይከፈለው ከነበረ ያንን መስመር ለማስጨመር ስንት ቀን ጉድጓድ እንደቆፈሩ አስቡት።

የአማቴ ቅድመ አያት ድንጋይ የለውም፤ ድሃ ነበር። የሚስቱ ወንድም ግን አለው። በሐምሌ አንድ ቅዳሜ እኔና ባሌ መስታወት ይዘን የፀሐዩን ብርሃን በጎን ስናበራበት (ፊደሉ ጥላ ሲጥል ነው የሚነበበው) የደብሩ ስም ብቅ አለ። ማታውኑ የዚያን ደብር መዝገብ ከፈትን፤ ሚስቲቱ አለች፣ ወንድሟም አለ። በሰውዬው ስም ክርስትና የተነሱ ግን ሁለት ልጆች ተገኙ፣ በሁለት ዓመት ልዩነት። የአንደኛው የክርስትና እናት የቤተሰብ ስም ከሚስቱ ጋር አንድ ነው፤ እኔ እሱ ነው እላለሁ፣ ባሌ ገና ነው ይላል፣ አማቴም ፍርድ እየጠበቁ ነው። መጠራጠሩ አይከፋም። በ1892 የኒውዮርኩ የስደተኞች መግቢያ ኤሊስ አይላንድ ሲከፈት መጀመሪያ የገባችው የካውንቲ ኮርኳ አኒ ሙር ቴክሳስ ሄዳ ሞተች እየተባለ ስንት ዓመት ተወርቷል፤ በ2006 ሲጣራ ያቺ ሌላ አኒ ሙር ሆና ተገኘች፣ እውነተኛዋ ከኒውዮርክ ንቅንቅ አላለችም።

እኛ 11 ሰዎች ነን፤ ሦስታችን ሐበሻ። በመካነ መቃብሩ አስተዳደር ፈቃድ ቅዳሜ ቅዳሜ ድንጋዮቹን ፎቶ እናነሳለን፣ ጽሑፉን ቃል በቃል እንገለብጣለን፣ ማንም በነፃ እንዲፈልግበት እናደርጋለን። ችግሩ እብነ በረዱ ነው። አሲድ ያለው ዝናብ በልቶት እንደ ስኳር ይረግፋል፤ አምና ያነበብነውን መስመር ዘንድሮ በጣት ዳብሰን ነው የለየነው። ይባስ ብሎ በፊታቸው የተደፉ አሉ።

ገንዘቡ እንዲህ ይውላል። 2,600 የተደፉትን 14 ድንጋዮች ሳይሰብር ለሚያነሳ ባለሙያ። ከዚህ ላይ ቀንሱ አትበሉኝ፤ ራሳችን በዲጂኖ ብንሞክር ድንጋዩም ወገባችንም ይሰበራል። 700 ለካሜራ መብራትና ሌንስ፣ 600 ፎቶዎቹን ለአምስት ዓመት ለማስቀመጫ፣ 300 ለለስላሳ ብሩሽ፣ ለውኃ መርጫና ለቤንዚን። ገንዘቡ የት ገባ የሚለው ጥያቄያችን የታወቀ ነው። ሒሳቡን የያዙት ጡረታ የወጡ የሂሳብ ሠራተኛ ናቸው፤ እኔን የአራት ዶላር ቡና ደረሰኝ ያስመለሱኝ ሰው ናቸው። ደረሰኙ በየወሩ ይለጠፋል። ሃምሳም አምስትም ዶላር እንቀበላለን።

ለምን በአማርኛ ትለምኚናለሽ ላላችሁኝ፣ በእንግሊዝኛ የሚለምኑት ሌሎቹ ናቸው። ደግሞ የ77ቱን ድርቅና ኮንሰርቱን ያስተባበረውን የደብሊኑን ልጅ ቦብ ጌልዶፍን አንስታችሁ ውለታ እንመልስ የምትሉ አላችሁ፤ ደስ ይላል፣ እኔ ግን በውለታ አልለምንም። እኔን የነካኝ ሌላ ነው። ዜግነት ከወሰድኩ በኋላ የመጣልኝን ፓስፖርት አውጥቼ አየሁት። የትውልድ ቦታ የሚለው ላይ ኢትዮጵያ ይላል። ደጀን የለም፣ ጎጡ የለም። የናንተም እንደዚያው ነው፣ አውጡና እዩት። ሴት ልጄ ያን ቀን ማታ የጎጡን ስም በእንግሊዝኛ ፊደል አስጻፈችኝ፤ ሦስት ጊዜ ጻፍኩት፣ ሦስቱም ተለያየ።

መስጠት የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አካውንቱን እልካለሁ። በረዶ ከጣለ ሥራው እስከ ሚያዝያ ይቆማል፤ ስለዚህ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ብትደርሱልን። ገንዘብ የሌላችሁ ቅዳሜ ጠዋት በሦስት ሰዓት ኑ። ጓንትና የማይረጥብ ጫማ አድርጉ። በረኪና፣ የሽቦ ብሩሽና ጠመኔ ይዞ የመጣ ከበር ይመለሳል፣ ድንጋዩን ይጎዱታል። ቡናውን በፔርሙዝ እኔ አመጣለሁ፤ ዳቦ ግን ተራ በተራ ነው፣ የዚህ ሳምንት የባሌ ተራ ነው፣ ስለዚህ ቁርሳችሁን በልታችሁ ኑ።